እግር የሌለው ሰላምታ

ከጥምቀት በኋላ በመጣው እሑድ፣ ከሰገነቱ የተላከው የምግብ ትእዛዝ ወጥ ቤት ሳይደርስ ቀረ። ዘገየ ቢባል ደግ ነበር፤ ጭራሹን ጠፋ እንጂ። ላይ የሙሽራው አጎቶች ባዶ ጠረጴዛ ከበው ይተያያሉ። ታች የወጥ ቤቷ ኀላፊ ሳምሪ ድስቶቿን ከድና፣ እጇን አጣጥፋ፣ «የዛሬው ሠርገኛ በልቶ ነው እንዴ የመጣው?» እያለች ከረዳቶቿ ጋር ትሳሳቃለች። በመካከሉ ደግሞ የዚህ ሁሉ ነገር ሠሪ ሔሩይ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ወደ ላይ ይውጣ ወደ ታች ይውረድ ጠፍቶታል።

ቤቱ የወይዘሮ ለተመድህን ምግብ ቤትና አዳራሽ ነው። መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ አራት ፎቅ ሆኖ ቆሟል። ወጥ ቤቱ ከምድር፣ መጠጡ ከሱ በላይ፣ አዳራሹ መሐል ላይ፣ ሰው የሚሻማበት ሰገነት ደግሞ ከሁሉም በላይ። ለሰው የሚሆን ሊፍት የለውም። ሕንጻው ሲሠራ ወይዘሮ ለተመድህን፣ «ሊበላ የመጣ ሰው ትንሽ ደረጃ ቢወጣ ይርበዋል እንጂ ምን ይሆናል?» ብለው፣ የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ የሚሳብ የእንጨት ሣጥን አስገቡበት። ሳህኖች በሣጥኑ ይወጣሉ፤ ሰው በእግሩ ይወጣል። ትእዛዝም እንዲሁ፣ በሰው እግር ይወርድ ነበር።

ያን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩት ዋናው አስተናጋጅ ኣያ ኣታኽልቲ ናቸው። ስልሳ ዓመት ተጠግተዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዛቸው ገና ከካውያ የወጣ የሚመስል። ሰው ወደዚያ ቤት የሚሄደው ለምግቡ ነው ይባላል እንጂ፣ ግማሹ የሚሄደው በኣያ ኣታኽልቲ አቀባበል ለመሞቅ ነው። ስም አይረሱም። የልጅህን ጉንፋን፣ የእናትህን ወገብ፣ የጣራህን ማፍሰስ ሳይቀር ጠይቀው ነው የሚያስቀምጡህ። ባለፈው ክረምት ግን ቀኝ ጉልበታቸው አመፀ። ሐኪሙ፣ «ደረጃ ይተዉ» አላቸው። እሳቸውም የሐኪሙን ልጆች ጤና አንድ በአንድ ጠይቀው፣ አመስግነው ወጡና በቀጥታ ወደ ደረጃው ሄዱ።

ሔሩይ የተጠራው ያኔ ነው። የደብረ ብርሃን መምህር ልጅ ነው። አባቱ ወደ መቐለ ሲዛወሩ ገና ጡት አልጣለም ነበርና አማርኛውም ትግርኛውም የራሱ ነው፤ በሁለቱም ብዙ አይናገርም እንጂ። የሚኖረው ኣያ ኣታኽልቲ ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። ሥራው ለሱቅና ለመጋዘን ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጉልበታቸውን እያሹ ሲገቡ በየማታው ያያቸዋል። አንድ ቀን ጫማውን እያየ፣ «ትእዛዙ ብቻውን ቢወርድስ?» አላቸው። ከዚያ በኋላ ነው በየፎቁ ግድግዳ ላይ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ባለ ስክሪን ማሽኖች የተቸነከሩት። አስተናጋጁ ስክሪኑን ይነካል፤ ትእዛዙ በኬብል ወርዶ ወጥ ቤት ይታያል፤ ሳህኑ በሣጥን ይወጣል። ኣያ ኣታኽልቲ ጠዋት አንድ ጊዜ ሰገነቱ ላይ ከወጡ እስከ ማታ አይወርዱም።

ሥራው ሲጀመር የተነጋገሩትን ሔሩይ ዛሬም በቃሉ ያስታውሰዋል።

«ማሽኖቹ አንዱ የሌላውን መኖር ማወቅ አለባቸው» አላቸው። «አንዱ ቢጠፋ፣ ሌላው ወደ ሞተ ማሽን ትእዛዝ እንዳይልክ። ስለዚህ በየጊዜው ይጠራራሉ።»

«ይጠራራሉ ስትል?»

«አንዱ ‹አለህ?› ይላል፤ ሌላው ‹አለሁ› ይላል።»

ኣያ ኣታኽልቲ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «‹አለህ?› እንደ እስር ቤት ቆጠራ? ሰላም ይባባሉ እንጂ።»

«እሺ፣ ሰላም ይባባሉ።»

«ሰላም የተባለውም ይመልስ።»

«ይመልሳል።»

«የተመለሰለትስ?»

«የተመለሰለትማ… በቃ፣ ሰማ።»

«ሰማና ዝም? ወደይ፣ ልጄ፣ ‹ደህና ነህ ወይ?› ብዬህ፣ ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?› ስትለኝ ፊቴን አዙሬ ልሂድ? እኔ በዚህ ቤት ስም ያተረፍኩት በምን ይመስልሃል? ሰላምታ ተቀብሎ ዝም የሚል ወይ ሞቷል ወይ ቂም ይዟል። ይመልስ።»

ሔሩይ ሊከራከር አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ኣያ ኣታኽልቲን በሰላምታ ጉዳይ ከመከራከር ሕንጻውን በጀርባው መሸከም ይቀለዋል። የተባለውን ጻፈ። ሰላም የተባለ ማሽን ይመልሳል፤ የተመለሰለትም ይመልሳል። እያንዳንዱ ስክሪን ጥግ ላይ የሌሎቹ ማሽኖች ስም በአረንጓዴ ይበራል፤ ሰላም በተባባሉ ቁጥር ብልጭ ይላል። ኣያ ኣታኽልቲ ይህን ብልጭታ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ጀመር። «አየህ፣ እነዚህ ያደጉ ማሽኖች ናቸው» ይላሉ። «ያለ ሰላምታ ሥራ አይጀምሩም። የኔ ሐሳብ ነው።»

ሁለት ወር በሰላም ሠራ። ከዚያ ማሽኖቹ ከገቡ ወዲህ የመጀመሪያው ሠርግ ያለበት ያ እሑድ መጣ። የሰገነቱ ስክሪን ላይ፣ አስተናጋጆቹ እንዲረዱት ሔሩይ ራሱ በአማርኛ ያዘጋጀው አንድ የስሕተት መልእክት ብቅ አለ፦ «ማቆያው ሞልቷል፤ ቦታ የለም።» ኣያ ኣታኽልቲ ደጋግመው ነኩት። ማቆያው ሞልቷል። መነጽራቸውን ወልውለው ነኩት። ቦታ የለም። በመጨረሻ ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃውን ወረዱ፤ ወጡ፤ ደግሞ ወረዱ። በሦስተኛው ምልልስ ላይ ሁለት ሰው ደግፎ አወጣቸው።

ሠርገኛው ከሄደ በኋላ ወይዘሮ ለተመድህን ጫማቸውን አውልቀው ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ።

«ሔሩይ፣ ልጄ፣ ና ቁጭ በል። አትፍራ፣ አልበላህም። ዛሬ እዚህ ቤት ማንም አልበላም።»

ሔሩይ ተቀመጠ። ኣያ ኣታኽልቲም እግራቸውን ዘርግተው አጠገቡ ነበሩ።

«በሚመጣው እሑድ የእህቴ ልጅ የፊዮሪ ሠርግ ነው» አሉ ወይዘሮ ለተመድህን። «አማቶቿ ከዓዲግራት ይመጣሉ፤ ሰገነቱ ላይ ነው የማስቀምጣቸው። ያን ቀን ማሽንህ እንደ ዛሬው ካደረገኝ፣ ከነሚስማሩ ነቅዬ እሰጥሃለሁ። ትእዛዝ እንደ ድሮው በእግር ይወርዳል። እግር ያላቸው የወንድሞቼ ልጆች ሞልተውኛል።» ወደ ኣያ ኣታኽልቲ ዞሩ። «አንተም ቤትህ ትቀመጣለህ።»

«ጡረታ ነው የምትዪኝ፣ ለተይ?»

«ዕረፍት ነው ያልኩህ። ይህን ቤት አብረኸኝ ያቆምክ ሰው ደረጃ ላይ ስታነክስ እያየሁ ለሠርገኛ እልል አልልም።»

«ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ?»

«የጎረቤትህን ልጆች ጤና ትጠይቃለህ።»

ሳቁ፤ ግን ኣያ ኣታኽልቲ ሳቁን ቶሎ ጨረሱ። ያን ምሽት ወደ ቤት ሲሄዱ፣ መንገድ ላይ ላገኟቸው ሰዎች ሁሉ «ደህና» እያሉ ብቻ አለፉ። አንዲት ጎረቤት ሔሩይን እጁን ይዛ፣ «አሟቸዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

በማግስቱ ሔሩይ ከወጥ ቤቱ ጀመረ። ኬብሉ ከምድጃው ጀርባ ያልፋልና እንፋሎቱ ያበላሸው መስሎት በአዲስ ለወጠው። ስምንቱንም ማሽኖች አብርቶ ጠበቀ። ብዙ ሳይቆይ ሰገነቱ፣ «ማቆያው ሞልቷል» አለ።

«የማን ማቆያ ነው የሚሞላው?» አለች ሳምሪ፣ ሽንኩርት እየከተፈች። ሳምሪ እንባዋ እየወረደም ቀልድ የማታቋርጥ ሴት ናት።

«የማሽኑ። ማሽን መልእክት ሲልክ ወዲያው ሽቦ ላይ አይጥለውም። መጀመሪያ ማቆያ ውስጥ ያስገባዋል፤ ባፈር ይሉታል። ከዚያ በተራ አንድ በአንድ ይወጣል። ያው እንደ መስኮትሽ።»

መስኮቱ በሣጥኑ ጉድጓድ በኩል ያለው ነው። የተዘጋጁ ሳህኖች እሱ ላይ ተደርድረው ሣጥኑን ይጠብቃሉ።

«ሣጥኑ ከሚወስደው በላይ ካወጣሽ መስኮቱ ይሞላል» አለ ሔሩይ። «ለሚቀጥለው ሳህን ቦታ የለሽም።»

«እሺ፤ ያን ጊዜ ያንተ ማሽን ምን ያደርጋል?»

ሔሩይ ጫማውን አየ። መልሱን ገና አሁን ማሰቡ ነበር። «መሬት ላይ ይጥለዋል» አለ ቀስ ብሎ። «ቦታ የለም ሲባል ትእዛዙን ትቶት ወደ ሌላ ሥራ እንዲሄድ ነው የጻፍኩት።»

«ዋይ፣ ኣንታ» አለች ሳምሪ ቢላዋዋን አስቀምጣ። «የሙሽራውን አጎቶች ምሳ መሬት ላይ ደፍተህ ነው ትናንት እንደዚያ አንገትህን የደፋኸው?»

ቀልዱ ለሥራ አነሣሣው። በዚያው ቀን ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ቦታ የለም የተባለ ትእዛዝ እንዳይጣል፤ ትንሽ ጠብቆ እንደገና ይሞክር፣ እስኪገባ ድረስ። ሁለተኛ፣ ማቆያውን ራሱን አሰፋው፤ ከነበረው ዐሥር እጥፍ። ስሕተቱ ከስክሪኑ ጠፋ። ሔሩይ ለኣያ ኣታኽልቲ ነገራቸውና እሳቸውም ያን ምሽት መንገድ ላይ ሁለት ሰው በወጉ ሰላም አሉ።

ረቡዕ ዕለት በደንብ ሊፈትነው ፈለገ። የውሸት ትእዛዝ መላክ ነበረበት፤ ግን ሳምሪ እውነት መስሏት እንዳትሠራው ምልክት ያስፈልጋል። ሔሩይ አስቦ አስቦ መላ አገኘ። ረቡዕ ጾም ነው፤ የውሸቱ ትእዛዝ ሁሉ ክትፎ ይሁን። በረቡዕ ክትፎ የሚያዝዝ በዚያ ቤት የለምና አንድም ሰው አይሳሳትም። ሰገነቱ ባዶ በነበረበት ሰዓት ስምንቱም ማሽኖች እየሠሩ፣ ለጠረጴዛ ዘጠኝ አምስት ክትፎ ላከ። ወጥ ቤት ወርዶ ስክሪኑን አየ። ምንም የለም። ጠበቀ። ምንም የለም። ስሕተትም የለም፤ ትእዛዝም የለም። ነገሩ ግራ ገብቶት፣ ኬብሉን እየተከተለ ወደ መጠጥ ቤቱ ወጣ።

በዚህ መሐል ከሰዓት በኋላው ገፋ ሲል ሰገነቱ ላይ ሰው ገባ። ጠረጴዛ ዘጠኝ ላይ የተቀመጡት ቄስ ሥዩም ነበሩ፤ ጾማቸውን በሽሮ ሊፈቱ ከአንድ ዲያቆን ጋር የመጡ። ኣያ ኣታኽልቲ ጉልበታቸውን አጥፈው መስቀል ተሳልመው፣ ሽሮውን አዘዙላቸው። ከታች በኩል ግን የወጥ ቤቱ ስክሪን ድንገት በራ። የሽሮው ትእዛዝ አይደለም፤ ከሱ በፊት የመጣ ነው። ጠረጴዛ ዘጠኝ፣ አምስት ክትፎ።

ሳምሪ ፈተናው ቀደም ብሎ ያለቀ መስሏት ነበርና አንገቷን በሣጥኑ ጉድጓድ አስገብታ ወደ ላይ ተጣራች። ያ ጉድጓድ ድምፅ ሲያወጣ እንደ ደብር ድምፅ ማጉያ ነው።

«ኣያ ኣታኽልቲ፣ እዚያ ጠረጴዛ ዘጠኝ ላይ ያለው አረመኔ ማን ነው? በምድረ ረቡዕ አምስት ክትፎ፤ ያውም ላንድ ጠረጴዛ። ለብ ይደረግለት ወይስ ጥሬውን ነው የሚበላው?»

ሰገነቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛ ዘጠኝ ዞረ። ዲያቆኑ ቀስ ብሎ ወንበሩን ከቄስ ሥዩም ራቅ አደረገ።

«እኔን ነው መሰለኝ» አሉ ቄስ ሥዩም እጃቸውን እየታጠቡ። «ጥሬውን አልለመድኩም በላት።»

ሳቁ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዛመት ሔሩይ ደረጃው ላይ ደርሶ ሰማው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አሁን ግን ኀፍረቱን ረሳ። ትእዛዙ አልጠፋም ነበር ማለት ነው፤ ወረፋ ይዞ ነበር። ማቆያውን ማስፋቱ ስሕተቱን አላጠፋውም፤ ሰልፉን አስረዘመው እንጂ። ታዲያ ከአምስቱ ክትፎ ፊት ይህን ሁሉ ጊዜ ተሰልፎ የነበረው ማን ነው? በዚያ ሰዓት ሌላ ትእዛዝ የላከ ሰው አልነበረም።

ጥግ ይዞ ተቀመጠና በሽቦው ላይ የሚያልፈውን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተ። ስክሪኑ በጽሑፍ ተጥለቀለቀ። ሰላም። ሰላም። ደህና ነህ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ። ከመቶ መልእክት ውስጥ አንዲት ትእዛዝ ብትገኝ ነው። ጠዋት ቤቱ ሲከፈት መጠጥ ቤቱና ሰገነቱ የጀመሩት ሰላምታ እስካሁን አላለቀም ነበር። እሱ ሳያልቅ በሚቀጥለው ደቂቃ ሌላ ተጀምሯል፤ እሱም አላለቀም። የተባለ ይመልሳል፤ የተመለሰለት ይመልሳል፤ ቀድሞ ዝም የሚል የለም፤ ዝም ያለ ቂም ይዟላ። በአዘቦት ቀን የሚበሩት ሦስት ማሽኖች ብቻ ናቸው፤ ከምሳ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይጠፋሉ፤ ሲጠፉ ሰላምታው አብሮ ይቋረጣል። በሠርግ ቀን ግን ስምንቱም እስከ ማታ ይበራሉ፤ እያንዳንዱ ለሰባት ጎረቤት ይሰግዳል፤ የሰባቱንም ይቀበላል። ማቆያው ቢሞላ ምን ይገርማል?

ሔሩይ ሊስቅ ነበር። ከዚያ ሰላምታው የማን ሐሳብ እንደ ነበር ትዝ አለውና ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ሌሊቱን ተገላበጠ። መመላለሱን በሁለት መስመር መቁረጥ ይችላል፤ አንዱ ሰላም ይበል፣ ሌላው ይመልስ፣ በቃ። አረንጓዴው ብልጭታ እንዳለ ይቀጥላልና ማንም አያውቅም። ግን ሰውየው ያንን ሰላምታ እንደ ልጃቸው ለእንግዳ የሚያሳዩት ናቸው። ከጀርባቸው መቁረጡ ስርቆት መሰለው።

ሐሙስ ጠዋት አብረው ወደ ሥራ ሲወጡ፣ ከግቢው በር ጀምሮ ሲያምጥ ቆይቶ ተናገረ። ዐይኑን ከጫማው ሳያነሣ ሁሉንም ነገራቸው።

ኣያ ኣታኽልቲ ቆሙ። «እኔ ነኛ ማሽኑን የገደልኩት።»

«እርስዎ አይደሉም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ያስጻፍኩህ እኔ ነኝ። ራሴን በራሴ ነው ጡረታ ያወጣሁት በለኛ።» እያነከሱ መራመድ ቀጠሉ። ቆይተው፣ «ግን እኮ» አሉ፣ «እኔም ቀኑን ሙሉ ሰው ሰላም ስል ነው የምውለው። አልሞላሁም።»

እንደዚያ ሲሄዱ አትክልት የምትሸጠው ኣብርሀት ቅርጫቷን ተሸክማ ከፊት ለፊታቸው መጣች።

«ከመይ ሓዲርኩም፣ ኣያ ኣታኽልቲ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ደህና ነሽ? ልጆች? ያ ትንሹ ትኩሳቱ ለቀቀው?»

«ለቀቀው። እርስዎስ ጉልበትዎ?»

«ተመስገን። እናትሽስ?»

ሁለቱም አልቆሙም። ኣብርሀት አልፋቸው ወደ ገበያው እየወረደች ነው፤ እሳቸው ወደ ላይ እየሄዱ ነው። አንገታቸውን አዙረው ይመልሳሉ፤ እሷም ዞራ ትመልሳለች። «ደህና ናት» አለች ከሩቅ። «ሰላም በያት» አሉ ኣያ ኣታኽልቲ። እሷ የመለሰችውን አንድ ባለ ጋሪ አልፎ ዋጠው። እሳቸውም ዞረው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሔሩይ ቆመ።

«አሁን ማን ነው ያቆመው?» አለ።

«ምኑን?»

«ሰላምታውን። እርስዎ ነዎት ወይስ እሷ?»

ኣያ ኣታኽልቲ አሰቡ። «ማናችንም። ተራራቅና።»

«ቂም ተያያዛችሁ?»

«ከኣብርሀት ጋር? ምን አድርጋኝ?»

«ስለዚህ ሰላምታውን ያቆመው ሰው አይደለም፤ መንገዱ ነው ያቆመላችሁ» አለ ሔሩይ። ሳያስበው ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሁለት አላፊዎች ዞር ብለው አዩት። «ሰው ሰላም እየተባባለ ይሄዳል። እየራቀ ሲሄድ ድምፁ አይደርስም፤ ያልቃል። የኛ ማሽኖች ግን ግድግዳ ላይ ተቸንክረዋል። እግር የላቸውም። የሚራራቁበት የላቸውም።»

ኣያ ኣታኽልቲ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሔሩይ ያለቀሱ መስሎት ደነገጠ፤ ሲያያቸው ይስቃሉ። «ምስኪኖች» አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ። «ከጠዋት እስከ ማታ ፊት ለፊት አፋጥጠን አቁመናቸው፣ ማን ቀድሞ ባለጌ ይሁን? እግር ስጣቸዋ።»

«እሰጣቸዋለሁ። እያንዳንዱ መልስ አንድ እርምጃ ይሁን። ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ አንዱ የሌላውን አይሰማም።»

«ስንት እርምጃ?»

«ባንድ ይበቃል። ሰላም፣ ሰላም።»

«ባንድማ ነጋዴና ዕዳ ያለበት ሰው ናቸው። ደህንነቱን ይጠይቀው፤ እሱም ይመልስ፤ እነዚያም ይመሰጋገኑ። ከዚያ ይሂዱ።»

«ሦስት?»

«ሦስት ያስከብራል» አሉ ኣያ ኣታኽልቲ። እዚያው መንገድ ዳር ተስማሙ።

ሔሩይ ሐሙስን ጻፈ፤ ዓርብን ፈተነ። ሰላምታዎቹ ተነሥተው፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ ፀጥ ይላሉ። ሽቦው ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ማቆያውንም ወደ ድሮው ልኩ መለሰው። በዓርብ የላከው ክትፎ ሁሉ ጣቱን ሳያነሣ ታች ይደርስ ነበር፤ ሳምሪ፣ «ዛሬስ የሚበላው ሊቀ ጳጳሱ ነው?» እያለች ትቀበለዋለች። ያም ሆኖ ሔሩይ ቅዳሜን ሙሉ በየፎቁ እየዞረ ኬብል ሲፈትሽ ዋለ።

እሑድ ደረሰ። የዓዲግራት አማቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ሰገነቱን ሞሉት። ኣያ ኣታኽልቲ አንድ በአንድ ተቀበሏቸው። አንደኛው አዛውንት ከመቀመጣቸው በፊት ዘመዳቸውን ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ቆጥረው፣ የጋራ ሰው አገኙላቸው። ወይዘሮ ለተመድህን ግን ቃላቸውን አልረሱም። አራት ጎረምሳ የወንድሞቻቸው ልጆች ሱሪያቸውን ጠቅለል አድርገው፣ በየፎቁ ደረጃ ላይ ለሩጫ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። «ቦታ የለም» የሚል ከታየ፣ ማሽኑ ቀርቶ እነሱ ይነሣሉ።

ትእዛዝ መውረድ ጀመረ፤ ሳህን መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። ልክ የሙሽራው አባት ለመላው ጠረጴዛቸው ጥብስ ሲያዝዙ፣ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ።

ሙዚቃው ቆመ፤ ሕፃናት ጮኹ፤ ግቢው ውስጥ ጄኔሬተሩ አጉረመረመና መብራቱ ተመለሰ። ስምንቱም ማሽኖች እኩል ነቁ። ሔሩይ ይህን አላሰበውም ነበር። ስምንት ማሽን እኩል ሲነቃ፣ ስምንቱም እኩል ለሰባት ሰባት ጎረቤት ሰላም ይላል። ኣያ ኣታኽልቲ ጥብሱን ሲነኩ ስክሪኑ ቢጫ ሆነ፦ «ማቆያው ሞልቷል።»

ወይዘሮ ለተመድህን ከኋላቸው ቆመው ነበር። አነበቡት። ወደ ደረጃው ዞረው እጃቸውን አነሡ፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ያለው ጎረምሳ ብድግ አለ።

«ቆይ፣ ለተይ» አሉ ኣያ ኣታኽልቲ።

«ሠርገኛ አይቆይም፣ ኣታኽልቲ።»

«አሁን እኮ ነው የነቁት። ሰላም ይባባሉ። ሲነቁ የማይጠያየቁ ከሆነማ ለምን ነቁ?»

ሔሩይ ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን ማየት ረስቷል። በልቡ እርምጃ ይቆጥራል። አንድ፤ ተባባሉ። ሁለት፤ ተጠያየቁ። ሦስት፤ ተመሰጋገኑ። ቢጫው ጠፋ። ትእዛዙ እንደ ተጻፈለት ትንሽ ጠብቆ፣ እንደገና ሞክሮ፣ ገባ። ከጉድጓዱ የሳምሪ ድምፅ ወጣ፦ «ጥብሱ ደርሶኛል። ቄሱ ናቸው እንዴ ዛሬም?»

የወይዘሮ ለተመድህን እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው በዚያው እጃቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ቢጫ አልታየም። ደረጃው ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች መጀመሪያ ተጠባበቁ፤ ቀጥሎ ተሰላቹ፤ በመጨረሻ ሳምሪ ለእያንዳንዳቸው የተቆለለ ሳህን ላከችላቸውና በየደረጃቸው ላይ እንደ ተቀመጡ የሠርጉ ተጋባዥ ሆኑ። ወይዘሮ ለተመድህን ሲወርዱ እያንዳንዱን ተሻግረው ነው የወረዱት። «ይህን ሁሉ እግር ሰብስቤ ስንት ሥጋ አስበላሁ» ሲሉ ተሰሙ።

አመሻሹ ላይ እንደ ገና አራቱን ፎቅ ወጥተው፣ ደረታቸውን ይዘው ሰገነቱ ላይ ደረሱ። ያገኙት የመጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?» አሉ።

«እንደ ሁልጊዜው» አሉ ኣያ ኣታኽልቲ። በያዙት ፎጣ ጠረጴዛውን ወለወሉ።

«ቀደም በል። አማቶቿ ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ነው ቁርስ የሚበሉት። ከጥግ ያሉት አዛውንት ያለ አንተ አልቀመጥም ብለዋል፤ አንድ ያላለቀ ዘመድ አለን ይላሉ።» ወደ ሔሩይ ዞሩ። «አንተም ከሚስማሩ አትንቀለው። ሌላ ሚስማር ጨምርበት።»

ሔሩይ፣ «እሺ» አለ። ሚስማር ሊፈልግ ወደ ደረጃው ሄደ።

ወይዘሮ ለተመድህን ገና ትንፋሻቸው አልተመለሰም፤ ስለ ደረጃው ክፋት፣ ሊፍት ስላላስገባው መሐንዲስ ማማረር ጀምረዋል። ኣያ ኣታኽልቲ ግን አልሰሟቸውም። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ተጨማሪ ዳቦ ወደሚጠይቀው ጠረጴዛ እያነከሱ ሄደዋል።